ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ላንጋኖ ዳር፦ የቤተሰብ የመጀመሪያ ጀልባ እንዴት ይመረጣል?

የአዲስ አበባ ሰው ከውኃ ጋር ያለው ትውውቅ አጭር ነው። ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮው ላይ ይሰማዋል፤ በጋ ሲሆን ከቧንቧው ይጠብቀዋል። ይልቁንም በየካ፣ በኮተቤና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖረው ሰው ዙሪያው ተራራና ባሕር ዛፍ እንጂ ሐይቅ አይደለም። እርግጥ ነው፤ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ቤተ መንግሥቱን ከእንጦጦ አናት ወደ ታች የሳበው የፍልውኃው እንፋሎት ነበር። ነገር ግን ያ ውኃ ለመታጠቢያና ለፈውስ እንጂ ለመዋኛ የሚሆን አልነበረም።

ዛሬ ግን የየካው ተማሪ በእጅ ስልኩ መስኮት የዓለምን ሐይቅ ሁሉ ያያል። አንድ ወጣት ሁለት እግሩን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ በገመድ ጫፍ የጀልባ ሞተር እየጎተተው፣ ከሞገዱ ላይ እየዘለለ አየር ላይ ሲገለባበጥ ይመለከታል። ይህ ጨዋታ ዌክቦርድ ይባላል። የሥራ ባልደረቦች በሻይ ሰዓት ስለዚሁ ሲያነሡ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኛስ አገር ይቻላል? ቢቻልስ ምን ዓይነት ጀልባ ይገዛል?» ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ጨዋታው ከየት መጣ?

በጀልባ እየተጎተቱ በውኃ ላይ መንሸራተት የተጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ በሚኒሶታ ግዛት በፔፒን ሐይቅ ላይ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎችን ከእግሩ ጋር አስሮ ቆመ። ይህም የውኃ ስኪ ተባለ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ቶኒ ፊን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው የባሕር ሞገድ መንሸራተቻውን ሰሌዳ አሳጥሮ ከጀልባ ኋላ አስጎተተው። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ኸርብ ኦብራየን ቀጠን ያለውንና በውኃ ውስጥ በቀላሉ የሚታዘዘውን ሰሌዳ ለገበያ አወጣ። የዛሬው ዌክቦርድ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው ልዩነት ለጀልባ መራጭ ትልቅ ነገር ነው። የውኃ ስኪ ተጫዋች ፍጥነትን ይሻል፤ በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ሞገድ ግን ይጠላል። የዌክቦርድ ተጫዋች በሰዓት ከ30 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል፤ ጀማሪና ልጅ ከዚያም ባነሰ ፍጥነት ይነሣል። እርሱ የሚፈልገው ጀልባው ከኋላው ጥሎት የሚሄደውን ከፍ ያለ ሞገድ ነው፤ መዝለያው እርሱ ነውና። ስለዚህ የስኪ ጀልባ ቀላልና ሆዱ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የዌክቦርድ ጀልባ ከባድና ሆዱ ጠለቅ ያለ ነው። እንዲያውም ክብደት ለመጨመር ሲባል በከረጢት ውኃ የሚሞላባቸው አሉ።

መጀመሪያ ውኃውን ምረጥ

ጀልባ ከመምረጥ በፊት ውኃ መምረጥ ይገባል። ከእንጦጦ ሸንተረር በስተ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ በየካ ጣራዎች ላይ የሚወርደው ግን በቀበናና በሌሎች ወንዞች በኩል ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ቆቃን ሞልቶ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ታዲያ የየካ ሰው የራሱን ዝናብ ተከትሎ ቢሄድ ጀልባ የሚያንሳፍፍበት ቦታ ያገኛልን?

በቅርብ ያለው ለገዳዲ ነው፤ ነገር ግን እርሱ የከተማው የመጠጥ ውኃ ስለ ሆነ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ሞተር አይገባበትም። አባ ሳሙኤል የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርደውን አቃቂን የሚቀበል ነውና ልጅ የሚነከርበት ውኃ አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ ገንዘብ የተገደበው ቆቃ ሰፊ ነው። ሆኖም ጉማሬ አለበት፤ እንቦጭ የተባለውም አረም ይወርረዋል። እንቦጭ የጀልባን ፕሮፔለር ጠምጥሞ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚዘጋ ጠላት ነው። ጣናም በዚሁ አረም ተቸግሯል።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቆቹም ያማሩ ናቸው። ነገር ግን እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ስለ ሆኑ ጠባብና ጥልቅ ናቸው። የባቦጋያ ስፋት ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይሻገረዋል። ተጫዋቹ ገና ሚዛኑን ሳይዝ ጀልባው ለመዞር ይገደዳል ማለት ነው። ሞገዱም ከዳር ዳር እየተላተመ ውኃውን ያናውጠዋል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ወይም ካያክ ይበቃል፤ ያምራልም።

ለሞተር የሚሆነው ሰፊ ውኃ ላንጋኖ ነው። ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀለሙ ቡናማ የሆነው በውስጡ በሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ከቢልሃርዝያ ነጻ በመሆኑም ለረጅም ዘመን የዋናተኞች ሐይቅ ሆኖ ኖሯል። በአንጻሩ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዝያ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ጉማሬም አለባቸው። በአባያና በጫሞ የአዞው ብዛት ለዌክቦርድ የሚሆን አይደለም፤ ከገመዱ ጫፍ ያለው ሰው በየጊዜው የሚወድቅ ሰው ነውና። በላንጋኖም ቢሆን የዳሩን ሰው ሳይጠይቁ መግባት አይገባም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ለጨዋታ የሚመረጠው ማለዳ ነው።

አራት ዓይነት ጀልባ

በገበያ ላይ ለዚህ ጨዋታ የሚቀርቡት ጀልባዎች በሞተራቸው አቀማመጥ በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው ሞተሩ በመካከል የተቀመጠበት ነው። ይህ የስኪ ጀልባ ነው፤ ሞገዱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ለዌክቦርድ አይመረጥም። መካከሉም በሞተር ሣጥን ስለሚያዝ ለቤተሰብ መቀመጫ ይጠብባል።

ሁለተኛው ቪ-ድራይቭ የሚባለው ነው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ዘንጉ ወደ ፊት ሄዶ ይመለሳል፤ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሆድ ሥር ተሸሽጓል። ሞገዱ ከሁሉ የተሻለ፣ ቦታውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ሁለት ቶንና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል። ፕሮፔለሩን ከፍ አድርጎ ወደ ዳር መጠጋት አይቻልም፤ ሲበላሽም የሚያውቀውን ሠራተኛ በሐይቃችን ዳር ማግኘት ችግር ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ ከውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ከውጭ የሆነው ነው። ለቤተሰብ ሽርሽር ይመቻል፤ ነገር ግን መጋጠሚያውና የጎማ ሽፋኖቹ ብዙ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አራተኛው ሞተሩ በሙሉ ከኋላ በውጭ የተንጠለጠለው፣ አውትቦርድ የሚባለው ነው። ሞገዱ ከቪ-ድራይቩ ያንሳል። ሆኖም በጣናም፣ በሐዋሳም፣ በጫሞም ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት ጀልባዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ይኸው ስለ ሆነ፣ የሚጠግነው እጅ በአገር ውስጥ አለ። ጥልቀት በሌለው ዳር ሞተሩን ወደ ላይ ማጠፍ ይቻላል፤ ባሰም ጊዜ ፈትቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባ መውሰድ ይቻላል።

በእኛ አስተያየት ለአገራችን ቤተሰብ የመጀመሪያ ጀልባ የሚሆነው ይህ አራተኛው ነው። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ተኩል፣ ከፊቱ ክፍት መቀመጫ ያለው፣ ከኋላው ጠንካራ መወጣጫ መሰላል የተገጠመለት፣ የመጎተቻው ምሰሶ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ገመዱ ከፍ ካለ ቦታ ሲታሰር ተጫዋቹን ወደ ላይ ስለሚያነሣው ጀማሪ ቶሎ ይቆማል። ገመድን በራሱ በሞተሩ ላይ ወይም በእጅ መደገፊያው ብረት ላይ ማሰር ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንድ ነገር መርሳት አይገባም፤ ገመዱን ጥሎ ከጀልባው አጠገብ በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱበት ዌክሰርፍ የሚባል ጨዋታ አለ። ይህን ጨዋታ ከአውትቦርድ ኋላ መጫወት ራስን ለምላጭ መስጠት ነው። እርሱ ፕሮፔለሩ ከሆዱ ሥር ለተሸሸገው ጀልባ ብቻ የተገባ ነው።

ከፍታ የሚሰርቀው ጉልበት

የውጭ አገር የጀልባ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የተጻፉት በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ግን የምንኖረው በደጋ ነው። አየር በከፍታ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ተጨማሪ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እንጦጦን የወጣ አሮጌ ታክሲ ሲያቃስት የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ላንጋኖ 1,585 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ስለዚህ 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በዚያ የሚሰጠው 126 ያህል ነው። በቢሾፍቱ ወደ 122 ይወርዳል። ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋው በወንጪ ሐይቅ ላይ ቢሞከር 107 ብቻ ይቀረዋል። ይኸውም ከሦስት እጅ አንዱን ሊያጣ ምንም አልቀረው ማለት ነው። ጀልባው ስድስት ሰው ጭኖ ተጫዋቹን ከውኃ ውስጥ ጎትቶ ለማቆም ሲሞክር ይህ ጉድለት ወዲያው ይታያል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ተጫዋቹ ውኃ ይጠጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ለጀልባው ከተፈቀደው ከፍተኛ ጉልበት አጠገብ የሆነውን መምረጥ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩን መለወጥ ነው። ምላጩ ያነሰ ጠመዝማዛ ያለው ፕሮፔለር በአንድ ዙር አጭር መንገድ ይገፋል፤ በምትኩ ሞተሩ ቀሎት ይዞራል። ነገሩ መኪና ዳገት ሲወጣ ማርሽ እንደሚቀንስ ነው። ሻጩን «ይህ ፕሮፔለር ለስንት ሜትር ከፍታ የታሰበ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሥራውን የሚያውቅ ገዢ ነው።

አሮጌ ጀልባ ሲገዛ

አዲስ ጀልባ የሚገዛ ጥቂት ስለ ሆነ ስለ አሮጌው ማወቅ ይጠቅማል። በዱባይ ወይም በሌላ የባሕር ጠረፍ ሲሠራ የኖረ ጀልባ ከጨው የተነሣ በውስጥ የተበላ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ ቀለሙ ማማሩ አያታልል። ፋይበር ግላሱን በሳንቲም መታ መታ ያድርጉት፤ ጤናማው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውኃ የገባበት ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ወለሉን በእግር ይጫኑት፤ ከረገበ እንጨቱ በስብሷል። የሞተሩን ዘይት ያውጡና ይመልከቱ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ፤ ሁሉም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከሁሉም በላይ ሳይነዱት አይግዙ፤ ይኸውም በሚሠራበት ሐይቅ ላይ፣ በሚጫነው ሰው ብዛት ነው።

በጀልባው ላይ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚጭን የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ይገኛል። ያ ሰሌዳ ሕግ ነው። ከተማ ውስጥ በሚኒባስ «አንድ ሰው ይጠጋ» እንደሚባለው በሐይቅ ላይ አይባልም። ስለ ምዝገባና ስለ መንጃ ፈቃድም ከግዢው በፊት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንንና ሐይቁ የሚገኝበትን አካባቢ አስተዳደር መጠየቅ ያሻል፤ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ክልከላ ከባድ ነውና።

ሞገዱ የማን ነው?

በጣናም ሆነ በሌሎች ሐይቆች ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅ ሰፊ መርከብ የለውም። የጣናው ሰው ከደንገል የተሠራች ታንኳ ይዞ ይወጣል። ታንኳይቱ ውኃ እንዳትጠጣና እንዳትከብድ ከሥራ ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ ያደርቃታል። ይህን ልማድ የሞተር ጀልባ ባለቤትም ቢማረው መልካም ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚከርም ጀልባ ዕድሜው ያጥራል።

ነገር ግን ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። ለተጫዋቹ ደስታ የሚሆነው ያ ከፍ ያለ ሞገድ ጨዋታው ካለፈ በኋላም መንገዱን ይቀጥላል። ከታንኳይቱ ጎን ሲደርስ ሰውዬውን ከነመረቡ ሊገለብጠው ይችላል። ጀልባ ያለው ሰው ሞገዱንም ይዞ እንደሚሄድ ይወቅ። ታንኳ ሲታይ ከሩቅ ዞሮ ማለፍ፣ ከዳርና ከሸንበቆ መራቅ፣ በአንድ መሥመር ላይ ብቻ እየተመላለሱ ሐይቁን አለማመስ ጨዋነት ነው። የአንዱ የእሑድ መዝናኛ የሌላው የዕለት እንጀራ ማጥፊያ መሆን የለበትም።

ከጀልባው በፊት

እስካሁን ስለ ሞተርና ስለ ፋይበር ተናገርን፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሰው ነው። እኛ የደጋ ሰዎች አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው አነጋገር ከልምድ የመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለጀልባ ሳይሆን ለዋና ትምህርት ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ አንድ ሰው ያለ ድጋፍ 50 ሜትር እስኪዋኝና ለጥቂት ደቂቃ እስኪንሳፈፍ ድረስ የገመዱን እጀታ ባይጨብጥ ይመረጣል።

ዋና ቢያውቅም ባያውቅም በጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ። ለልጅ የአባቱን ጃኬት ማልበስ አልበሰ አያሰኝም። ትክክለኛው ጃኬት በትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት ከልጁ አገጭና ጆሮ በላይ የማያልፍ ነው፤ ለሕፃን በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ራስ የሚደግፍ አንገትጌ ያስፈልገዋል።

አንድ ተጫዋች ሲጎተት በጀልባው ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ ወደ ፊት እያየ ይነዳል፣ ሁለተኛው ተጫዋቹን ብቻ ይመለከታል። ነጂው ኋላውን እያየ መንዳት አይችልም። ተጫዋቹ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያሳይ «ጨምር»፣ ወደ ታች ሲያሳይ «ቀንስ» ማለት ነው፤ ወድቆ እጁን ወደ ላይ ካነሣ «ደኅና ነኝ» ይላል። ሊያነሡት ሲቀርቡ በነጂው በኩል ይቅረቡ፤ ደርሰውም ሞተሩን ያጥፉ። ፕሮፔለር እየዞረ ማንም ሰው መሰላሉን አይርገጥ። ነጂውም ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከአካሉ ጋር ይሰር። ሞተር እየሠራ ከኋላ ባለው መቆሚያ ላይ መቀመጥም ክልክል ነው፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ሰውን ያደክማል፣ ይገድላልም።

ነዳጁ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ላልታሰበ ነገር። አልኮል የጠጣ ሰው መሪ አይያዝ።

ብቻ ወይስ በማኅበር?

በወር ደመወዝ ለሚኖር ጀማሪ ጸሐፊ ብቻህን ሞተር ጀልባ ግዛ ብሎ መምከር ቀልድ ይሆናል። ጀልባው ከተገዛ በኋላ ተጎታቹ፣ የሚያቆሙበት ቦታ፣ ጠባቂው፣ ዘይቱና ቤንዚኑ አለ። በዓመት አሥር ቀን ለሚያገለግል ነገር 365 ቀን መክፈል ነው። ነገር ግን ዕቁብና ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ለዚህ መላ አያጣም። አምስት ወይም ስድስት ቤተሰብ ተስማምቶ፣ የእያንዳንዱን ተራ፣ የነዳጁን ክፍያ፣ የጥገናውን ተጠያቂ፣ መሪ የሚይዙትን ሰዎች ስም በጽሑፍ ቢወስን፣ ሸክሙ ይከፋፈላል። ጽሑፉ አስፈላጊ ነው፤ ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ጀልባው ሳይሆን ያልተጻፈው ውል ነው። ጀልባውም በየጊዜው ከየካ እስከ ላንጋኖ ከሚጎተት በሐይቁ ዳር ከውኃ ወጥቶ፣ ተሸፍኖ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከዚህም በቀር ያለ ጀልባ የሚጫወቱበት መንገድ አለ። ብሩኖ ሪክሰን የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ዘዴ ተጫዋቾችን በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋና በኤሌክትሪክ በሚዞር ገመድ ይጎትታል። ጭስ የለውም፤ ትልቅ ሞገድም አያስነሣም፤ ብዙ ሰው በየተራ ይጫወትበታል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በፈረስ ግልቢያና በእግር መንገድ ብዙ ቤተሰብ ወደ ተራራው እንዳወጣ ሁሉ፣ ተስማሚ ኩሬ ሲገኝ ይህም ዘዴ ብዙ ወጣት ወደ ውኃ ሊያወርድ ይችላል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የነገው መሐንዲስ ወይም የፕላን ሠራተኛ የሚሆነው ሰው ቢያስብበት ከአንድ ሀብታም ጀልባ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

እስከዚያው ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዘንድሮ ዋና ይማሩ። ከዚያ በሐይቅ ዳር ጀልባ ተከራይተው ሦስት አራት ጊዜ ይሞክሩ፤ ቤተሰቡ በእርግጥ ይወደው እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። ከወደደው ማኅበሩን ያቋቁሙ፤ ጃኬቶቹን ይግዙ። ጀልባው በመጨረሻ ይምጣ። በመጨረሻ የመጣ ጀልባ ዋኝቶ የሚወጣ፣ ሞገዱን የሚያውቅ፣ የጎረቤቱን ታንኳ የሚያከብር ባለቤት ያገኛል።